ሦስተኛው ጥሪ

ዛሬ ነፃ የንግድ ቀጠናው አጥር ሥር አንድ ቻይናዊ ሠራተኛ ሰማያዊ ሸሚዙን ሲያራግፍ አየሁና ቆም አልኩ።

ልጅ ሆኜ ወደቡ አጠገብ አርሂባ ሰፈር ስንኖር ወንድሜ በጀልባ ወደ የመን ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር፤ ወሬው የለም። ጎረቤታችን የነበሩት ቻይናዊ ሽማግሌ፣ የወደብ መጋዘን ጠባቂ፣ ያረጀ መጽሐፋቸውን ገልጠው በተሰባበረ ፈረንሳይኛ እንዲህ አሉኝ፦

«የጥንት የኮንፊሽየስ መምህራን የጻፉት የሐዘን ወግ ነው። ሰው ሲሞት ልብሱን ይዘው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ወደ ሰሜን ዞረው ሦስት ጊዜ ይጠሩታል። ካልተመለሰ ያኔ እንደ ሞተ ይቆጠራል።»

እኔ የሰማሁት «ካልተመለሰ» የምትለዋን ብቻ ነበር። ሊመለስ ይችላል ማለት ነው ብዬ የወንድሜን ሰማያዊ ሸሚዝ ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የባሕሩ ነፋስ እጅጌውን ሞላው፤ ክንድ ያለበት መሰለ። ስሙን ሁለቴ ጠራሁ።

እናቴ ሮጣ ደርሳ ሽንኩርት በሚሸት መዳፏ አፌን ከደነችው።

«ማን አረዳሽ? ልጄ እንደሆነ አልሞተም!»

አሁን እሷም የለችም፤ አንድ ቀን እንኳ ሳታለቅስለት ሄደች። ሸሚዙ እኔ ጋ ነው። አፌን የሚይዝ ሰው የለም። ሦስተኛውን ግን ዛሬም አልጠራሁም።