የኢኖኬንቲ የመጨረሻ ወርቅ

ወርቅ ሲቀባ አያምርም፤ ሰናፍጭ የነካው ይመስላል። የሚያበራው በተኩላ ጥርስ ሲታሽ ነው። ሠዓሊዎች ጥቁር ሳጥን በሚያስጌጡበት በፓሌኽ መንደር ወርክሾፕ ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ጥርስ የያዘችው ፋይና ዬጎሮቭና ናት። ባሏ ኢኖኬንቲ ይስላል፣ እሷ ታሻለች።

ኢኖኬንቲ በጥቅምት ሲሞት ያልጨረሰውን አንድ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ትቶ ሄደ። ክዳኑ ላይ ተልባ የሚነቅሉ ሴቶች ተስለዋል። ቀለሙም ወርቁም ተቀብቷል፤ የቀረው ማሸትና ቫርኒሽ ነው። ሐሙስ የወርክሾፑ ገምጋሚዎች ካሳለፉት ስሙን ይዞ ለከተማው ኤግዚቢሽን ይሄዳል።

«እትዬ ፋያ፣ እኔ ልጨርስልዎት?» አላት አጠገቧ የሚሠራው ወጣቱ ሠዓሊ ግሌብ። «ሐዘን ላይ ነዎት፣ እጅዎ...»

«እጄ ምን ሆነ? አንተ ይልቅ ፈረሶችህን አስተካክል፤ ፍየል ነው የሚመስሉት!»

ግሌብ እየሳቀ ለምሳ ወጣ። እሷ ትንፋሿን ይዛ ከአንዷ ሴት ቀሚስ ጫፍ ጀመረች፤ በቀስታ፣ እንደ ሁልጊዜው። ወርቁ አላበራም፤ ተነሣ። ጥርሱ ላይ ቢጫ ዱቄት ተለጠፈ። ሌላ ቦታ ሞከረች፤ ያው ነው።

ገባት። ወርቁን የሚያጣብቀው የግራር ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከቀጠነ አይይዝም። ወርቁን በጣቱ ከሙጫ ጋር ሲያሽ ዐይኑን ጨፍኖ ልኩን የሚያውቀው ባሏ፣ በመጨረሻ ልኩ ጠፍቶበታል። «ደህና ነኝ፣ ተይኝ» ይላት ነበር። ደህና አልነበረም።

ግሌብን ብትጠራው ወርቁን ጠርጎ እንደ አዲስ ይቀባው ነበር። ግን ያኔ ምክንያቱ ይታወቃል፤ ኢኖኬንቲ ሙጫ መለካት አቅቶት ሞተ ይባላል። ፋይና ጥርሱን አጥብቃ ያዘችና ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር ጫረችው።

ሐሙስ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ታይሲያ ማርኮቭና ሳጥኑን ወደ መስኮት አዞረችው።

«ምን ነካው ይሄ?»

«እኔ ነኝ። አብዝቼ ተጫንኩት።»

«አንቺ? እንቁላል ላይ ብትቆሚ የማትሰብሪ ሴትዮ?»

«አርጅቻለሁ፣ ታይሲያ።»

ግሌብ ጥርሱ ላይ የቀረውን ዱቄት አይቶ ወርቁ እንዳልያዘ ገብቶት ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ፋይና አፈጠጠችበት፤ ወደ ፈረሶቹ ዞረ።

«ምነው ለሌላ ሰው በሰጠሽው!» አለች ታይሲያ፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ። «የእሱ እጅ እስከ መጨረሻው ዝንፍ አላለም፤ አፈር ይቅለለው።»

«ዝንፍ አላለም» አለች ፋይና።

ጥርሱን ተረከቧት። ከሰኞ ጀምሮ ሥራዋ ምድር ቤት ወርዳ ገና ያልተቀባ ሳጥን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ሆነ። እዚያ ያሉት ሴቶች እስኪለምዷት ድረስ ይንሾካሾኩ ነበር፦ «የባሏን የመጨረሻ ሥራ ያበላሸችው እሷ ናት።» ፋይና ትሰማለች። ወረቀቱን አጥፋ ሌላ ሳጥን ታነሣለች።