በአመድ የፈተግኩት ጣሳ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጾም ገብቶ ወጣ፣ ስንቴ ተናዘዝኩ፤ ሐሜቴን ተናገርኩ፣ ቁጣዬን ተናገርኩ፣ ይህችን ግን ሁልጊዜ እየዘለልኩ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ እንዳታጽናኑኝ ብቻ።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ኮልፌ አስተማሪ ነበርኩ፣ አራተኛ ክፍል። ክፍላችን ጥግ የውሃ እንስራ ነበረ፣ ክዳኑ ላይ አንድ ጣሳ። ልጆቹ ሁሉ በዚያ ጣሳ ይጠጣሉ። አየለች ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። «ቡዳ ናቸው» ይባላሉ፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ዕቃ አይጠጣም። ስለዚህ እሷ እጇን ትዘረጋለች፣ ውሃው በእፍኟ ይፈስላታል። የማፈስላት እኔ ነበርኩ። እንስራውን የሠራችው እናቷ መሆኗን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከጋዜጣ የቆረጥኩትን ፎቶ ይዤ ገባሁ። ሁለት ቧንቧ፤ አንዱ ለነጭ፣ አንዱ ለጥቁር። የአሜሪካ ጥቁሮች እንዴት እንደተናቁ፣ እጃቸውን ሳያነሱ ዱላ እየቀመሱ፣ እየታሰሩ እንዴት እንደታገሉ ነገርኳቸው። ጥሩ አድርጌ ነው የነገርኳቸው፤ መቼም ምላስ አላጣሁም። የልጆቹ ዓይን በንዴት እንባ አቀረረ። እኔም በራሴ ኮራሁ። «ሰው ሰው ነው፤ ውሃም የእግዜር ነው» ብዬ ጨረስኩ።

አየለች ተነሳች። ወደ እንስራው ሄደች፣ ጣሳውን ነክራ ጠጣች። ድፍረት አልነበረባትም፤ የምሬን መስሏት ነው። ከፊት የተቀመጠች ልጅ፣ «እትዬ፣ ጣሳችንን ነካችው» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ጣሳውን ተቀብዬ እኔም ብጠጣበት ምን እሆን ነበር? ወላጆችን ፈርቼ ነው ልበል? መፍራቱንስ ፈርቻለሁ። ግን በኃጢአቴ ላይ ውሸት አልጨምርም፤ ተጸይፌ ነበር። እኔ፣ ያንን ፎቶ በእጄ የያዝኩት እኔ፣ ጣሳውን ቀማኋት። የቀረውን ውሃ ደፋሁ። አመድ አስመጥቼ ልጆቹ ሁሉ እያዩ ፈተግኩት። እሷም እያየች ፈተግኩት።

«እትዬ፣ ያስተማሩን የአሜሪካኑን ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ» አልኳት።

በማግስቱ አልመጣችም። የመጣችው እናቷ ናት፣ አዲስ እንስራ አዝላ። ከበሩ ውጭ ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ «ልጅ ናት፣ አላወቀችም፤ ይማሩልኝ። ያኛው ረክሷል ካሉ በዚህ ይለውጡት» አለችኝ። ልጅቷን መልሺያት አላልኳትም። እንስራውን ግን ተቀበልኩ። ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ጠጣን። አየለችን ከዚያ በኋላ ያየኋት ገበያ ላይ ብቻ ነው፣ ሸክላ ስትሸጥ።

ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ ያወራሁት። ይቅርታውማ ያኔ ተጠይቋል። እናትየዋ እኔን ጠየቀችኝ፤ እኔም፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ «ግድ የለም፣ ይቅር ብያታለሁ» አልኳት።