ከመቱ ማማ ሥር የበቀለ ቡና

መሥሪያ ቤቴ ወደ መቱ የላከኝ አንድ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ማማ እንድመረምር ነበር። ማማው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ሰዉ ሁሉ ጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳህን ሰቅሏል። ሆኖም የሬዲዮ ሰዎች አንቴናቸውን ሊሰቅሉበት አስበው «ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቁ። መልሱን የሚያመጣ ሰው ሲፈለግ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ላይ ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ነኝና ሥራው አልከበደኝም። የከፋኝ መኪና መከልከላቸው ነው። «በአውቶቡስ ሂድ» አሉኝ። ምን አደርጋለሁ? ሄድኩ።

እስከ መቱ

ጎህ ሳይቀድ ከአውቶቡስ ተራ ተነሣን። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባ፤ ደግሞ ዳገቱን ስንወጣ ሹራባችንን መልሰን ለበስን። ጅማ አድሬ በማግስቱ በአጋሮ አድርጌ በደሌ ምሳ በላሁ። የቀረበልኝ ሽሮ ጥሩ ነበር፤ እንጀራው ግን ያደረ ነው። ለአስተናጋጇ ብነግራት «አዎ፣ ያደረ ነው» ብላ ሳቀችና አዲስ ጨመረችልኝ።

ከበደሌ ወዲያ በሚኒባስ ሄድኩ፤ አገሩ ጫካ ነው። ያዮ አካባቢ መንገዱ በዛፍ መካከል ይሄዳል፤ ረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ኅዳር ስለነበር በየደጁ ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሁሩሙ የገበያ ቀን ሆነና ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ማር የምትሸጥ ሴት ዋጋውን ብጠይቃት «መጀመሪያ ቅመስ፤ ዋጋው አይሸሽም» አለችኝ። ቀምሼ ገዛሁ።

መቱ ከመድረሳችን በፊት ማማው ከኮረብታው ላይ ታየኝ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሩቅ ሲታይ ምንም እንከን አልነበረበትም።

ጋሼ ኦላና

የማማው ጠባቂ ጋሼ ኦላና ይባላሉ። ማማው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ እዚያው ኖረዋል፤ ቤታቸውም ኮረብታው ላይ ነው። «አካም ጅርታ፣ ኢንጂነር» ብለው ተቀበሉኝ። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ብነግራቸውም አልሰሙኝም።

ታሪኩን የነገሩኝ እየዞርን ነው። ኦሮሚያ ክልል ከሆነች በኋላ ብረቱ በጭነት መኪና መጣ። ዝናብ ስለነበር መኪናው ዳገቱን እምቢ አለ። ያን ጊዜ የአካባቢው ሰው ወጥቶ ብረቱን በትከሻው ተሸከመ።

«የሐዋ ባል፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከፊት ነበር፤ እኔ ከኋላ» አሉኝ። «አንድ ብረት ለሁለት ነው የተሸከምነው።»

እትዬ ሐዋ ከኮረብታው ግርጌ የሚኖሩ፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ ሰፍረው የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከምራታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ጋሼ ኦላና የእትዬ ሐዋን ቤት በእጃቸው አሳዩኝ፤ ግቢው ውስጥ ቡና ተሰጥቶ ይቀላል።

ይህ ማማ ራሱን ችሎ የሚቆም ዓይነት አይደለም። ቀጭን ነው፣ ስፋቱም ከሥር እስከ ጫፍ አይለወጥም። ሲሠራ አንዱ ክፍል በአንዱ ላይ እየተነሣ፣ እየተደረበ፣ በብሎን እየታሰረ ወደ ላይ ሄደ። ቀጥ አድርገው ያቆሙት በሦስት አቅጣጫ የተወጠሩ የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዶቹ መሬት ሲደርሱ በወፍራም የብረት ዘንግ ላይ ይታሰራሉ፤ ዘንጉ አፈር ውስጥ ገብቶ ከተቀበረ ኮንክሪት ጋር ይያያዛል። ይህን መልሕቅ እንለዋለን። አንዱ መልሕቅ ከተበጠሰ ማማው ወደ ተቃራኒው ወገን ይወድቃል።

ሁለቱን መልሕቆች አየሁ፤ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ጋሼ ኦላና ደጅ አጠገብ ነበር፣ ዙሪያውን ያማረ ቡና በቅሎበታል። ሥሩ እስከ ጉልበቴ በሚደርስ የቡና ገለባና በስባሽ ቅጠል ተሸፍኗል።

«ያኔ የሠራተኞቹ አለቃ ‹ይህን ብረት እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅ፤ ከብት አይሻሸው፣ አረም አይውረሰው› አለኝ» አሉ ጋሼ ኦላና። «ቡና ለአጥር ተከልኩለት። በየዓመቱ ገለባ አለብሰዋለሁ። አረም አይደፍረውም።»

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ገለባው ላይ ቀረ። ከአፈር በላይ ያለው ብረት ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ብረት የሚያልቀው ከማይታይበት ነው። ዶማ ተቀብዬ ገለባውን ገለጥኩ፤ ከሥሩ ትኩስ እንፋሎት ወጣ። ዝቅ ብዬ ቆፈርኩ። የእጅ አንጓ ያህል ይወፍር የነበረው ዘንግ እርጥብ ገለባ ውስጥ ዓመታት ተቀብሮ ጣቴን አክሏል። በጥፍሬ ብነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ።

ገለባው ባይኖር ኖሮ ዘንጉ ገና ብዙ ዘመን ባገለገለ ነበር። ሌላ ቦታ የዘበኛ ቸልተኝነት ብረት ሲበላ አይቻለሁ። እዚህ የበላው እንክብካቤ ነው። ነገሩ ከነከነኝ፤ ለሰውዬው እንዴት ተደርጎ ይነገራል?

ነገርኳቸው። ከዚያ የጠየቁት ስለ ቡናቸው አልነበረም።

«ከተበጠሰ ወዴት ነው የሚወድቀው?»

በተቃራኒው ያለውን ቁልቁለት አሳየኋቸው። የእትዬ ሐዋ ቤት ነበር። የጋሼ ኦላና የራሳቸው ቤት ማማው በማይደርስበት ወገን ነው።

እትዬ ሐዋ ደጅ

አብረን ወረድን። ጋሼ ኦላና መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው እርጥብ ሣር ነጩ። በኦሮሞ ወግ ይቅርታ የሚለምን ሰው ሣር ይዞ ይቆማል። እትዬ ሐዋ ሣሩን ሲያዩ ቡና የሚገለብጡበትን እጃቸውን አቆሙ፤ የአገሩን ወግ ያውቁታል።

እኔ በጭራሮ መሬት ላይ ሥዬ አስረዳኋቸው። ጋሼ ኦላና ደግሞ አንድም ሳያስቀሩ፣ «ገለባውን ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እትዬ ሐዋ ከኮረብታው ወደ ቤታቸው፣ ከቤታቸው ወደ ኮረብታው አዩ። «እንግዲህ የእርስዎ ቡና አምሮ፣ የእኔ ልጆች ሊጨፈለቁ ነው?» አሉ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደለም ወይ?»

«ነው» አሉ ጋሼ ኦላና።

«እኔ ከዚህ አልነሣም። የዓመት ቡናዬ ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ ቢመጣ ማን ያነሣልኛል?»

«እኔ አነሣዋለሁ። አንቺ ከልጆቹ ጋር እኔ ቤት ግቢ። እኔ እዚህ ሆኜ ቡናሽን እጠብቃለሁ። የሚወድቅ ከሆነም እኔ ላይ ይውደቅ።»

አይሆንም አልኩ። ማንም ሰው እዚያ መቆየት እንደሌለበት፣ አደጋው ቀልድ እንዳልሆነ ተናገርኩ፤ ተቆጣሁም። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቡናው የተሰጣበትን ጨርቅ አስተካከሉ። እትዬ ሐዋ ምራታቸውንና ልጆቹን ሰብስበው ወደ ኮረብታው ወጡ። ሣሩን ግን አልተቀበሏቸውም፤ ጋሼ ኦላና ደጃፉ ላይ አስቀመጡት።

መነኻሪያ

ቢሮ ደወልኩ። ማማውን ነቅሎ የሚያወርድ ቡድን እንደሚላክ፣ የእኔ ሥራ ግን እንዳለቀና በማግስቱ እንድመለስ ነገሩኝ። ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ መነኻሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «በደሌ! ጅማ!» እያለ ይጣራል። አንድ እግሬን አውቶቡሱ ላይ አሳረፍኩ። ነፋስ ነበረ። በዚያ ነፋስ ጣት የምታህለው ዘንግ ስትሳብ፣ ስትለቀቅ ታየችኝ፤ ከገመዱ ማዶ ደግሞ ቡና የሚገለብጡት ሽማግሌ። እግሬን መለስኩ። ረዳቱ «አባባ፣ ይወስኑ እንጂ!» ብሎ ሲቆጣኝ እንኳን አልተከፋሁም።

ዘንጉ ከዚያ በፊት ሊለቅ ስለሚችል ቡድኑ እስኪደርስ መጠበቅ አይቻልም ነበር። ከተቀበረ ግንድ ጊዜያዊ መልሕቅ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ጉልበት ብቻ ነው የጎደለኝ። የሰፈሩን ሰዎች ለመንኩ፤ ደቦ ተጠራ። ከላይ ኦሮሞው፣ ከታች ሰፋሪው መጥተው ከጋሼ ኦላና ቡና ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ። አማርኛውና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ፣ አንዱ በጀመረው ቋንቋ ሌላው እየጨረሰለት ይሠሩ ነበር። ወፍራም ግንድ አግድም ቀበርን፤ አዲስ ገመድ ከግንዱና ከማማው ገመዶች ጋር አስረን ቀስ እያልን ወጠርነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ገመዱ ከያዘ በኋላ ወርጄ «ጋሼ፣ አሁን ይውጡ» አልኳቸው።

«የመጨረሻው ብረት መሬት ሲነካ እወጣለሁ» አሉ።

ከዚያ ቡድኑ ደረሰ። ማማው እንደተሠራው ሁሉ ክፍል በክፍል፣ ከጫፉ ጀምሮ ወረደ። ሰዉ ተሰብስቦ ያይ ነበር። አንዳንድ ሽማግሌዎች ብረቱን የተሸከመ ትከሻቸውን ሲዳብሱ አየሁ። እትዬ ሐዋም ከጋሼ ኦላና ደጅ ቆመው አዩ፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ ከሽማግሌው ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

የመጨረሻው ክፍል ሣር ላይ ሲያርፍ እትዬ ሐዋ ቁልቁለቱን ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቡናው ደርቆ፣ ተሰብስቦ፣ በጆንያ ተሞልቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጋሼ ኦላና ጋቢያቸውን አጥፈው ሊወጡ ተነሥተዋል።

«በሰላም ግቢ» አሉና ዓይናቸውን ሰብረው በአጠገባቸው ሊያልፉ ሲሉ፣ እትዬ ሐዋ በሩን በእጃቸው ዘጉት።

«ጋሼ ኦላና፣ ምሳ ሳይበላ ከቤቴ የወጣ እንግዳ የለም» አሉ። «ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ፤ እኔም አላስቻለኝም።

አዲስ አበባ

ቤቴ የገባሁት ባለቤቴ ከልቧ ከተጨነቀች በኋላ ነው። ቢሮዬ መዘግየቴን አልወደደውም፤ አለቃዬ ገሠጸኝ፣ ሰማሁት። ያ ጉዞ ያስተማረኝን ግን ለማንም በጽሑፍ አላስረከብኩም። አሁን ለምርመራ በሄድኩበት አገር ሁሉ ማማውን ከመንካቴ በፊት ከገመዶቹ በተቃራኒ ማማው ሊወድቅበት ወደሚችለው ወገን እወርዳለሁ፤ ያገኘሁትን ቤት አንኳኩቼ ማን እንደሚኖርበት እጠይቃለሁ።