የማዳም አገር ፍል ውሃ

እንቁላል እሳት ላይ ብዙ ቆይቶ ሲላጥ የሚወጣው አንድ ሽታ አለ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚሉት ሰፈር ባለችው ቁርስ ቤቴ በየማለዳው እንቁላል እልጣለሁ፤ አብዛኛውን ቀን አፍንጫዬ ለምዶት ያልፈዋል። አንዳንድ ቀን ግን፣ እንዲያው ያለ ምክንያት፣ ያ ሽታ እጄን ያስቆመዋል። ደንበኞቼ "ኧረ ቁርሱ!" ይላሉ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ጅቡቲ አይደለሁም። በረዶ በተከመረበት ተራራ ሥር፣ ልክ እንዲህ ከሚሸት ፍል ውሃ ዳር፣ ልብሴን አላወልቅም ብዬ ቆሜያለሁ።

ልንገርሽ። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከድሬዳዋ መጥቼ ካርቲየ 2 ጨርቅ የምትነግደው አክስቴ ዘንድ አረፍኩ፤ እሷም ሰው ቤት አስቀጠረችኝ። ስለ መጀመሪያው ቤት ባላወራሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እሱን ካልነገርኩሽ የቀረው አይገባሽም። የቤቱ እመቤት አንድ ቀን ሩዙ አረረ ብላ፣ ምድጃው ላይ ሲፈላ የነበረውን ውሃ ከነድስቱ አንስታ ጀርባዬ ላይ ደፋችው። እየጮህኩ በመንገዱ ሮጬ አክስቴ ቤት ገባሁ። ለብዙ ጊዜ በሆዴ ነበር የምተኛው። ቁስሉ ሲድን ጀርባዬ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ተጨማዶ፣ አንዳንዱ ቦታ ሲነኩት እንኳ የማይሰማ ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲንተከተክ ከሰማሁ ከኩሽና ሮጬ እወጣ ነበር። ቅባት ስትቀባኝ ለከረመችው ለአክስቴ እንኳ ከዳነ በኋላ ጀርባዬን አላሳየኋትም።

ሁለተኛው ቤት ሄሮን፣ የፈረንጆቹ ሰፈር፣ ያለ የጃፓኖች ቤት ነው። ሰውየው ወደብ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር፤ በፈረንሳዮቹ ወግ ሙሴ እለው ነበር፣ ሚስቱን ደግሞ ማዳም። የድሬ ልጅ ነኝና አንቱታው አይሆንልኝም፤ በልቤ አንቺ ነበር የምላት። ገና አፏን የምትፈታ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

ማዳም ድምፅ የላትም። ከቤት ስትወጣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ ጥላ ጥላውን ይዛ ነበር የምትሄደው። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ልጇን አለመሸከሟ ነው። ልጅቷ እጇን ስትዘረጋላት ተንበርክካ ትስማታለች እንጂ አታነሳትም። መታጠቢያ ቤትም እንደ እኔው ቆልፋ ነበር የምትገባው። እኔ ልጇን እምብዛም አትወዳትም ብዬ ደምድሜ ነበር። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እኔው ጎን ተለጥፋ ስለምትውል አፏን በአማርኛ ፈታች። ሙሴ ይስቅ ነበር፤ "ልጄን ለማናገር አስተርጓሚ ሊያስፈልገኝ ነው" ይላል።

አንድ ዓመት ክረምታቸው ሲደርስ ለእረፍት አገራቸው ሊሄዱ ሆነ፤ ማዳም እኔንም ልትወስደኝ ፈለገች። አክስቴ ስትሰማ የምታጥፈውን ጨርቅ ጣል አደረገችው።

"ምን ልትሠሪላቸው?"

"ልጅቷን የሚይዝ ያስፈልጋል አለች።"

"ምነው፣ አያት የላትም?"

"የማዳም እናት ሞታለች።"

"ሂጂ እንግዲህ። ኩላሊትሽን አውጥተው ቢመልሱሽ ግን እኔ ዘንድ እንዳትመጪ።" አፏ እንዲያ ይበል እንጂ፣ ማታውኑ ከመደርደሪያዋ ወፍራሙን ጋቢ አውጥታ በፌስታል አሰረችልኝ።

በረዶ ማለት ለእኔ በጆንያ ተጠቅልሎ ከፋብሪካ የሚመጣው፣ በመዶሻ የሚሰበረው ነበር። ማዳም የተወለደችበት መንደር ስንደርስ ግን ምድሩም ጣራውም ዛፉም አንድ ላይ ነጭ ሆኗል። ድምፅ የለም። መኪና እንኳ ሲያልፍ በጥጥ ላይ የሚሄድ ይመስላል። በነጋታው በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ወደ ተራራው ወጣን። እኔንም ያንን ከባድ ጫማ አጥልቀው፣ ረጃጅሙን ጣውላ ከእግሬ ጋር ቆለፉብኝ። ሁለት እርምጃ ሳልሄድ በጀርባዬ ተዘረርኩ። ልጅቷ "ወደቅሽ! ወደቅሽ!" እያለች በሳቅ ፈረሰች። እንደገና ተነሳሁ፤ እንደገና ወደቅኩ። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ትንሽ ቁልቁለት ላይ ጣውላው በራሱ ይዞኝ ሄደ። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ጮህኩ፤ ከፍርሃት ይሁን ከደስታ ዛሬም አላውቀውም።

ማዳምን ግን ብታያት! ዱላውን በቀኝ እጇ ብቻ ይዛ፣ ከላይ ከጫፉ እንደ ወፍ ነበር የምትወርደው። ግድግዳ ተጠግታ የምትሄደው ሴት ናት ብትይኝ አላምንሽም ነበር። እኛ ጋ ስትደርስ በረዶውን እንደ አቧራ አስነስታ ቆመች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ዓይኗ ያበራል። ሙሴ ዝም ብሎ ያያት ነበር። ያን ጊዜ የፍቅር አስተያየት መስሎኝ ነበር፤ ፍቅርም ነበር፣ ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

ቆይ፣ አንዱ ደንበኛ ዳቦ እያለ ነው። መጣሁ።

አዎ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ጀመር። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ ጭኔ እንደተደበደበ ሰው ይጠዘጥዘኛል። ማዳም "አሁን ወደ ፍል ውሃ" አለች። ፍል ውሃ አዲስ አይደለም፤ እናቴ ወገቧን ሲያማት ኤረር ትወርድ ነበር። እናቴ የምትገባው ግን ከነቀሚሷ ነው። በሩ ጋ ስንደርስ ያ የእንቁላል ሽታ ተቀበለን። ሙሴ በወንዶቹ በር ገባ፣ እኛ በሴቶቹ። ልብስ የሚወልቅበት ክፍል ውስጥ ቅርጫቶች ተደርድረዋል። በመስኮቱ በኩል፣ ደጅ ላይ፣ ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ የተከበበ ኩሬ ይታያል፤ ከሥር እንፋሎት ይወጣል፣ ከላይ በረዶ ይወርድበታል። አንዲት አሮጊት ብቻ እስከ አንገቷ ገብታ ተቀምጣለች።

"ልብስሽን አውልቂ" አለችኝ ማዳም።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። በልብስ አይገባም፣ ደንቡ ነው።"

"እኔ ልጅቷን ይዤ ውጭ እጠብቅሻለሁ።"

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አግዳሚው ላይ አጠገቤ ቁጭ አለች። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። የሁለታችንም ፈረንሳይኛ ስብርባሪ ነበር፤ ቃል እየፈለገች ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።

"እኔም ፈርቻለሁ። ልጅ ሆኜ እዚህ ከእናቴ ጋር በየቀኑ ነበር የምገባው። ከታመምኩ በኋላ ግን ሰው እንዳያየኝ ብዬ ተውኩት። ዛሬ ካልገባሁ ከእንግዲህ አልገባም።"

ካፖርቷን ጣለች፤ የሸሚዟን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። የግራ ጡቷ የለም። በቦታው ከብብቷ ጀምሮ ደረቷ መሃል ድረስ የሚሄድ የስፌት መስመር ብቻ ነው ያለው። የግራ ክንዷም ከቀኙ ይልቅ አብጧል። ልጇን ለምን እንደማታነሳ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ደሜ ወደ ፊቴ ወጣ።

ወደ ግድግዳው ዞሬ ሹራቤንና ቀሚሴን በራሴ ላይ አወጣሁት።

ከዚያ የልጅቷ ትንሽ ጣት ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

"ያማል?" አለችኝ።

"አሁን አያምም" አልኳት።

ከመግባታችን በፊት መታጠብ ነበረብን። ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች ላይ ተቀመጥን፤ ማዳም ከኋላዬ ሆና "ልጠብሽ?" አለችኝ። በአገራቸው አንዱ የሌላውን ጀርባ ያጥባል። የሙቅ ውሃውን ድምፅ ስሰማ ጥርሴ ተንገጫገጨ። እሷ መጀመሪያ የራሷን እጅ ጀርባዬ ላይ ታስቀምጣለች፤ ውሃውን በራሷ እጅ ላይ ታፈስሰዋለች፤ ከእጇ አልፎ ነው እኔን የሚነካኝ። እንዲህ እያደረገች፣ አንድም ቦታ ሳትዘል፣ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ አጠበችኝ።

ደጅ ወጥተን ወደ ኩሬው ስንሄድ አሮጊቷ አየችን። ሁለታችንንም አየች፣ አልደበቀችም። ከዚያ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልንና አንድ ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ውሃው ዛሬ ጥሩ ነው አለች።"

እግሬን ነከርኩ፤ አወጣሁት፤ እንደገና ነከርኩት። እስከ ወገቤ፣ እስከ ደረቴ ገባሁ። ጀርባዬ ውሃው ውስጥ ሲገባ ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም አልሆንኩም። የቀኑ ብርድና ድካም ከየመገጣጠሚያዬ ሲለቀቅ ይታወቀኝ ነበር፤ አንገቴ ድረስ ሞቆኝ፣ በረዶው ፀጉሬ ላይ ያርፍ ነበር። እንደዚያ ያለ ምቾት በሕይወቴ ከዚያ በፊት አልነበረም፤ በኋላም አልመጣም።

ልጅቷ ጠርዙ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ እንደ ልማዷ ወደ እኔ። እኔ ተቀብዬ፣ ውሃው እስከ ትከሻዋ ሲይዛት፣ ቀስ አድርጌ ወደ እናቷ ገፋኋት። ውሃው ክብደቷን ወሰደው። ማዳም በሁለት እጇ ተቀበለቻት፤ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት። ልጅቷ ገርሟት የእናቷን ፊት በቅርብ ትመለከት ነበር። እስኪመሽ ድረስ አልለቀቀቻትም።

ጅቡቲ ስመለስ አክስቴ ሁሉንም አስወራችኝ።

"ራቁትሽን? ከሰው ጋር? አስተግፊሩላህ!" አለች። ቆየት ብላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ጀርባሽንም አዩት?" አለችኝ።

"አዩት።"

"ምን አሉ?"

"ምንም።"

አክስቴ ፊቷን ወደ ጨርቆቿ አዞረች።

ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ መንፈስ በጀመረበት ወቅት ማዳም መብላት አቆመች። ሙሴ ኩሽና መጥቶ፣ ፍሪጁን እንደያዘ ቆሞ፣ ነገሩን ነገረኝ። በሽታው መመለሱን ወደ አገሯ ከመሄዳችን በፊት ታውቅ ኖሯል። ሐኪሙ እዚያው ጃፓን ሆስፒታል እንድትተኛ ለምኗት እንቢ ብላ መጥታለች። "ልጄ አልጋ ላይ ተኝቼ እንድታስታውሰኝ አልፈልግም አለችኝ" አለ፤ ከዚያ ፍሪጁን ከፍቶ ምንም ሳያወጣ ዘጋው።

አንድ ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ግሎ ሳለ፣ ማዳም ጠራችኝ። ሰውነቷን መታጠብ ፈልጋለች፤ በሙቅ ውሃ። ማሞቅ አላስፈለገኝም፤ ቧንቧው የሚያወጣው ጣራ ላይ ያለው ታንከር ያፈላውን ነው። በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። የጀርባዋ አጥንት አንድ በአንድ ይቆጠራል። እጄን አስቀድሜ እያሳረፍኩ ውሃውን በላዩ አፈሰስኩ።

"ትረሳኛለች" አለች ፊቷን ሳትመልስ። "ትንሽ ናት። እንደምትረሳኝ አውቃለሁ።"

አትረሳሽም ልላት አፌን ከፈትኩ። እኔ በልጅቷ ዕድሜ ሳለሁ የሆነብኝን ሁሉ ሳስበው አንድም አላስታውስም። ዋሽቼ ላጽናናት አልቻልኩም፤ ጀርባዋን ማጠቡን ቀጠልኩ።

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ማዳም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና እጄን ያዘች፤ የምትናገርበት አቅም አልነበራትም። ልጅቷ ሻርፔን በሁለት እጇ ጨብጣ አለቅም አለች። ሙሴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት። ጩኸቷ ከበሩ ወዲያ ሆኖም ይሰማኝ ነበር።

ሳምንታት አልፈው ሙሴ ደወለልኝ። ገበያ መሃል ነበርኩ፤ ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ገባሁ።

"ዛሬ ጠዋት አረፈች" አለ።

ከእሱ ኋላ ልጅቷ እያለቀሰች ነው፤ በድካም የተዘጋ ልቅሶ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "ከመጣን ጀምሮ አንድ ቃል ትደጋግማለች። እህቴም አልገባትም፣ ነርሶቹም አልገባቸውም። ያንቺ ቋንቋ መሰለኝ።"

ስልኩን ወደ ልጅቷ አስጠጋው።

"እቀፊኝ" ትላለች። "እቀፊኝ... እቀፊኝ።"

"ምንድን ነው የምትፈልገው?" አለ ሙሴ። "ውሃ ነው? የሚበላ ነው? ሁሉንም ሰጠናት እኮ።"

ነገርኩት። ከዚያ ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲቀመጥ፣ የልብስ መንኮሻኮሽ፣ የልጅቷም ልቅሶ ቀስ በቀስ እየበረደ ሲሄድ ሰማሁ። አልዘጋሁትም፤ መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ ቆሜ አዳመጥኩ።

ቃሉ ለሴት ብቻ የሚባል መሆኑን አልነገርኩትም።