ከባሌ ደብተር የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር

የባሌን ደብተር ለሙት ዓመቱ አሳትመን ለተማሪዎቹ እንድናድል ሐሳቡን ያመጣው አያ የምለው ታላቅ ወንድሙ ነው። ከኮላ ድባ መጥቶ፣ «ሸጋ ነገር ይሆናል፤ ስሙ አይጠፋም» ሲለኝ አለቀስኩና እሺ አልኩ። ባሌ ጎንደር ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ያልገባቸውን በአማርኛ ይጽፍላቸው ነበር። ከአያ ጋር ጠብ የመጣው ጽሑፉን በኮምፒውተር ስተይብ አንዲት ዓረፍተ ነገር በመሰረዜ ነው።

የጻፈው ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ስለሚባሉት ፕሮቲኖች ነበር። ሁለት የተጠማዘዙ ክሮች ባሉት፣ የዘር መልእክት እንደ ፊደል በተደረደረበት ዲኤንኤ ላይ ተጣብቀው የትኛው ጂን ሥራ እንደሚጀምር የሚወስኑ ናቸው። «ፕሮቲኑ ቦታውን ለማግኘት ሁለቱን ክሮች ይፈታና ፊደላቱን ያነባል» ይላል።

ስህተት ነው። ስህተት መሆኑንም ያውቅ ነበር። በጻፈው ዕለት በረንዳ ላይ የነጠላ ጫፍ ስቋጭ አነበበልኝ። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ አልተማርኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ክር ከክር ሳጠማዝዝ ነው የዋልኩት።

«ቆይ፣ ቦታውን በፈለገ ቁጥር ከፈታው፣ ማን መልሶ ሊቋጨው ነው?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ነጠላ ታደርጊዋለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ ከመጽሐፎቹ ቀና አለና፣ «አሸነፍሽኝ» አለ። የቋጨሁትን ጫፍ አንሥቶ በሁለቱ ክሮች መካከል የሚዞረውን ቦይ በጥፍሩ ተከተለው። ፕሮቲኑ ክሩን አይፈታም። የፊደላቱ ጠርዝ በቦዩ በኩል ወደ ውጭ ይታያል፤ ፕሮቲኑ ከአካሉ አንዱን ክፍል ዲኤንኤ ካሉት ሁለት ቦዮች ሰፊው ውስጥ አስገብቶ ጠርዛቸውን ይዳስሳል። መጀመሪያ ላላ አድርጎ ይዞ ይንሸራተታል። የሚገጥመውን የፊደል ተርታ ሲያገኝ ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል።

«አርመዋለሁ» አለኝ። ከዚያ ታመመ።

አያ መሰረዜን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው እህቴ፣ ምነው? ተነሥቶ እንደማይከለክልሽ አይተሽ ነው?»

«ተሳስቻለሁ ያለው ራሱ ነው፣ አያ።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላስ?»

ከእኔ ሌላ ማንም አልሰማም።

«የሟች ጽሑፍ ኑዛዜ ነው» አለ። «ኑዛዜ ይነካል?»

ባል የሞተባት ሴት የባሏን ነገር ስማ እንድታስቀምጥ ይጠበቅባታል። እኔ ግን የቅኔ መምህር ልጅ ነኝ። አባቴ ብራና ላይ የተሳሳተ ቃል ሲያገኝ፣ የጻፈው ይሙት ይኑር ሳይጠይቅ በካራ ይፍቀው ነበር። «ኑዛዜ ቢሆን አልነካውም ነበር» አልኩት። «ይህ ትምህርት ነው።»

ማስረጃዬ ቃሌ ብቻ እንዳይሆን የባሌን መጽሐፎች መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ። ዳር ዳሩ ላይ የእሱ የእርሳስ ምልክት ሲያጋጥመኝ መጽሐፉን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። እንደገናም እከፍተዋለሁ። በመጨረሻ፣ እሱ ስላለኝ ሳይሆን ራሴ ስለገባኝ አወቅሁት። በሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር ቦታም እርማቱን ጻፍኩ።

አያ ተመልሶ መጣ። «ካልመለስሽው ተዝካሩ ላይ አይታደልም።»

«ተዝካሩን አንተ ደግስ። ደብተሩን ለእኔ ነው የተወው።»

ያን ቀን በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ ለማተሚያ ቤቱ ሰጠሁት። ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ደራሲው በሕይወት ሳለ ስህተቱን እንዳመነና እርማቱን ባለቤቱ እንደጻፈችው ይናገራል። የማተሚያ ቤቱ ሰው፣ «ይህ እንኳ ቢቀር ምን አለበት?» አለኝ። አይቀርም አልኩት።

ተዝካሩ ኮላ ድባ ተደገሰ፤ አያ አንድም ቅጂ አላስገባም። ሰኞ ጠዋት ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ራሴ አደልኩ። አንዲት ተማሪ እዚያው ገልጣ ግርጌውን አነበበችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር ተሳስተው ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ተሳስቶ ነበር» አልኳት። «ከላይ ያለውን አንብቢው።»