የአባቴ የግራ ዐይን

ፍኖተ ሰላም፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ሐኪሟ እስክሪብቶ ከፊቴ ወዲያ ወዲህ ታንቀሳቅሳለች። «ስንት ይታይዎታል?»

«ሁለት።»

ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ ገጠር፣ አባቴ አውድማ ዳር ተቀምጠው ነበር። የጤፉ ገለባ አንገት ያሳክካል። የግራ ዐይናቸው ቆብ ወድቆ አልነሣ ካለ ሰንብቷል። ውኃ በጣሳ ሳቀርብላቸው ቆቡን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«ሁለታችሁም አመጣችሁልኝ? እሰይ፣ አንዱማ አያረካኝም» አሉ።

ሌላዋን ልጅ ፍለጋ ዞር አልሁ። ማንም የለም። እናቴ «የሰው ዐይን ነው የበላቸው» ብላ በማግሥቱ ጸበል ወሰደቻቸው።

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ስኳር የዐይንን ነርቭ ያደክማል። ውኃ ውኃ ይልዎታል?»

እጄ ላይ ያለውን ባዶ የውኃ ጠርሙስ አየሁት።

«አንዱማ አያረካኝም» አልኋት።