ወደ ኋላ አልሄድ ያለችው መኪና

ትናንት ጣና ዳር አንድ ወጣት መኪናውን ወደ ኋላ ሊያወጣ ማርሽ ሲያስገባ፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚያሰማው ጩኸት ጥርሴን አስነከሰኝና ባለሁበት ቆምሁ። አባቴም በደርግ ጊዜ እንዲህ የምትጮህ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ ከደልጊ በጀልባ የሚመጣውን ዓሣ ወደ መራዊ ይወስድባት ነበር።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር የበቀለው ደንገል ጋ ደርሶ በሚያበቃ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነበር። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ሐይቁ አድርጋ ታድራለች፤ ጧት ወደ ኋላ ካልሄደች መውጫ የላትም። አንድ ክረምት ታዲያ የኋላ ማርሿ እየጮኸ አልገባ አለ። መካኒኩ ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠና «ካምቢዮው ውስጥ ያለው የማርሽ ጥርስ ተበልቷል፤ መለዋወጫው ደግሞ ካገር ጠፍቷል» ብሎን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤታችን ጀልባ ሠሪው ጋሽ ሰይድ ከነልጆቻቸው ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ፣ «ያ አላህ!» እያሉ ይገፉልን ጀመር። ለእኔ ከጨዋታ ሁሉ የሚበልጥ ጨዋታ ነበር። እናቴ ግን ወንድሜን ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበርና፣ ምጡ ድንገት ቢመጣ ማን ገፍቶ ሐኪም ቤት እንደሚያደርሳት ታስብ ነበር።

መሪ ጨብጣ አታውቅም፤ መጠየቅ ግን አይሰለቻትም። አንድ ቅዳሜ አባቴ ከማርሹ ጋር ሲታገል፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ከመኪናዋ መስኮት አጠገብ ቆመችና፣

«ሞተሩ ሲጠፋስ ይገባል?» አለችው።

«ለጠፋ ሞተር ማርሽ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ሳቀ አባቴ።

«እስቲ ሞክረው።»

አጠፋው። ማርሹ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። አባቴ ሳቁን ተወ። አስነሥቶ ሞከረ፣ ጮኸ፤ አጥፍቶ ሞከረ፣ ገባ።

«ማርሹ እኮ ደህና ነው!» አለ። «ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው። ብረግጠውም ሞተሩን ከካምቢዮው አይለይልኝም።»

ወዲያው ከሥር ገብቶ ሲፈልግ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ዘይት ከቱቦው መጋጠሚያ ሲንጠባጠብ አገኘው። አጠበቀና ዘይት ጨመረ። ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ለማስወጣት ፔዳሉን የሚረግጥለት ሰው አስፈለገው፤ እናቴም ሆዷ መሪውን እየነካ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ከሥር «ርገጪ!» ሲል ትረግጣለች፤ «ልቀቂ!» ሲል ትለቃለች፤ ደግሞ እየሳቀች «አሁን ምን ሆነ? ምን ይታይሃል?» ትለዋለች።

በማግስቱ ጋሽ ሰይድ ልብሳቸውን ሰብስበው ሊገፉ ሲመጡ፣ መኪናዋ ራሷ ወደ ኋላ መጣችባቸውና ዘለው ጥግ ያዙ። በሳምንቱ እናቴን ሐኪም ቤት አደረሰቻት፤ ወንድሜም በሰላም ተወለደ።

ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም። ባለፈው ወር ወንድሜን ገና ሕፃን ሳለ ለቅቀነው የሄድነውን ሰፈር ላሳየው ይዤው ሄድሁ። መንገዱ ሰፍቶ አስፋልት ሆኗል። ቤታችን የነበረበትን ቦታ በጣቴ ላመለክተው እጄን አነሣሁ፤ የት ጋ እንደነበረ ግን እኔም አጣሁት።